ባትሪ የማይሸጥ የባትሪ ሐኪም፦ በአዳማ ለአሮጌ የፈረስ ጭነት መኪና ያገኘነው የኤሌክትሪክ ጥገና

ይህ ግምገማ አዳማ ውስጥ፣ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ መውጫ አካባቢ ስለሚሠራ አንድ አነስተኛ የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት ነው። ባለቤቱ ስማቸውም ሆነ የቤታቸው መጠሪያ በጽሑፍ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ስም አልጠቅስም፤ በዚያ መስመር የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩ ሰዎች ግን በደንብ ስለሚያውቋቸው ጠይቆ ማግኘት አያስቸግርም። ቤቱ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) እና ዲናሞ (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን) ይጠግናል፣ የመብራትና የቻርጅ መስመር ይዘረጋል፣ ባትሪ ይመረምራል፣ ቻርጅም ያደርጋል። አዲስ ባትሪ ግን አይሸጥም። በእኔ ግምት የቤቱ ትልቁ ብልጫ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ መኪና አልነሳ ባለ ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ይሁን የሌላ ነገር የሚወስነው ሰው ከባትሪው ሽያጭ የሚያገኘው ትርፍ ከሌለ፣ ምርመራው ከባትሪው ተነሥቶ እዚያው ባትሪው ላይ የሚያልቅበት ምክንያት አይኖርም።

የወሰድነው መኪና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራ አይሱዙ ኤፍኤስአር ሲሆን፣ ካሶኒው (ጭነት የሚያርፍበት የኋላው ክፍል) ለፈረስና ለበቅሎ ማጓጓዣ እንዲሆን ተለውጧል። ጎንና ጎኑ ከፍ ብሎ በብረት ተበይዷል፤ ወለሉ ወፍራም ጣውላ ነው፤ መሐሉ ላይ የሚነቀል ማገጃ አለው፤ የኋላ በሩ ደግሞ ወደ ታች ሲዘረጋ መወጣጫ ይሆናል። ሥራው በአብዛኛው ከበቆጂና ከአሰላ አካባቢ የጋሪ ፈረስ ገዝተው ወደ አዳማ፣ ወደ ሞጆና ወደ ቢሾፍቱ ለሚያወርዱ ነጋዴዎች መጫን ነው። በበዓል ሰሞን በግና በሬም ይጭናል።

ችግሩ ለወራት ሲንከባለል የቆየ ነበር። መኪናው አዳማ ያደረ እንደሆነ ሞተሪኖው እያቃሰተም ቢሆን ጠዋት ያስነሳዋል፤ በቆጂ ካደረ ግን ጎህ ሲቀድ ቁልፉ ሲዞር አንዴ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል፣ ወይም ሞተሩን ሁለት ሦስት ዙር ካዞረ በኋላ ይቆማል። ብዙ ሹፌሮች እንደሚያደርጉት መኪናውን ቁልቁለት ላይ ታኮ አስደግፎ ማሳደርና ጠዋት እያንደረደሩ በማርሽ ማስነሳት ለእህልና ለሲሚንቶ ጫኝ ያስኬዳል። ፈረስ ከተጫነ በኋላ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ማርሹ በያዘበት ቅጽበት መኪናው የሚሰጠው ድንገተኛ ግፊያ እንስሳቱን እርስ በርስ ያላትማቸዋል፣ አንዱ ተንሸራቶ ከወደቀም ሌሎቹ በድንጋጤ ይረግጡታል። መጫን ከመጀመሩ በፊት አስነሥቶ ሞተሩን ሳያጠፉ መጠበቅም መፍትሔ አይሆንም፤ ፈረስ የመጫን ሥራ እንደ ፈረሱ ጠባይ ከግማሽ ሰዓት እስከ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል የናፍጣው ወጪ ብቻውን የጭነቱን ትርፍ ይበላዋል።

ወደዚህ ቤት ከመሄዳችን በፊት በሌላ ቦታ የተሰጠን ምክር አጭርና አንድ ዓይነት ነበር፤ ባትሪዎቹ ሞተዋል፣ ሁለቱንም ለውጡ የሚል። ምክሩ በከፊል ትክክል መሆኑ በኋላ ተረጋግጧል። ሆኖም ባትሪዎቹን ብቻ ለውጠን ቢሆን ኖሮ አዲሶቹም በጥቂት ወራት ውስጥ የአሮጌዎቹ ዕጣ ይደርሳቸው እንደነበር የዚህ ቤት ምርመራ በቁጥር አሳይቶናል። ከዚህ በታች በዝርዝር የማቀርበውም ይህንኑ ምርመራ ነው፤ ምክንያቱም የአገልግሎቱ ዋጋ ያለው ከጥገናው ይልቅ ጥገናው በምን ቅደም ተከተል እንደተወሰነ ላይ ነው።

ባለቤቱ መኪናው የሚሠራበትን መስመር ጠይቀው ከሰሙ በኋላ «ባትሪያችሁ የሚሞተው አዳማ ነው፤ መሞቱ የሚታወቀው ግን በቆጂ ነው» አሉን። አነጋገራቸው ቀልድ ቢመስልም በትክክል የነገሩ ባሕርይ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቷ ብርድ ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪን ዕድሜ የሚያሳጥረው በዋነኛነት ሙቀት ነው፤ በሙቀት ውሃው ይተናል፣ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ፍርግርጎች ቶሎ ይበሰብሳሉ፣ ሥራ ፈትቶ በቆመበት ጊዜ በራሱ የሚያጣው ኃይልም ይጨምራል። በባለሙያዎች ዘንድ በተለመደው ግምት የባትሪው ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ብርድ በበኩሉ ባትሪውን አይገድለውም፤ ነገር ግን የሚሰጠውን ጉልበት ለጊዜው ይቀንስበታል፣ የሞተሩን ዘይትም ያወፍራል። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑም ናፍጣ ሞተር በመጭመቅ የሚያገኘው ሙቀት ስለሚያንስ ለመነሣት ፈጠን ያለ ዙር ይፈልጋል። ስለዚህ በሙቀት ግማሽ ጉልበቱን የጨረሰ ባትሪ ቆላ ላይ ሳይታወቅበት ይከርምና ደጋ ሲወጣ ይጋለጣል።

መኪናው 24 ቮልት የሚጠቀም ሲሆን ኃይሉን የሚያገኘው በተከታታይ ከተያያዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ነው። ምርመራው የተጀመረው መኪናው እዚያው ካደረ በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት ማንም ቁልፍ ሳይነካ ነው። ጥንዱ በአንድነት ሲለካ 24.8 ቮልት አሳየ። ሙሉ ቻርጅ ያለው ጥንድ ካረፈ በኋላ ከ25.2 በላይ ማሳየት ስላለበት ይህ ቁጥር ዝቅ ያለ ቢሆንም የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ጥንዱን ብቻ ለክቶ የሚያልፍ ሰው «ትንሽ ቻርጅ ይፈልጋል» ብሎ ይሸኛችኋል። ባለቤቱ ግን ቴስተሩን ወደ እያንዳንዱ ባትሪ አዞሩ። አንደኛው 12.7፣ ሁለተኛው 12.1 ሆኖ ተገኘ። አንድ ባትሪ 12.7 አካባቢ ሲሆን ሙሉ ነው ይባላል፤ 12.2 ሲሆን ግማሽ ያህል ባዶ ነው። እንግዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንድ ቀን ተገዝተው፣ በአንድ ዲናሞ ቻርጅ የሚደረጉ ሁለት ባትሪዎች ይህን ያህል ሊራራቁ የቻሉበት ምክንያት መፈለግ ነበረበት።

ቀጥለው የባትሪው አሲድ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየውን የአሲድ መለኪያ አወጡ። ይህ ጎማ ጭንቅላት ያለው የመስታወት ቱቦ በብዙ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ ይታያል፤ እዚህ ግን ዘወትር ይሠራበታል። በደካማው ባትሪ ካሉት ስድስት ክፍሎች አምስቱ 1.190 አካባቢ ሲያሳዩ አንዱ 1.130 ላይ ቀረ። ሙሉ ቻርጅ ያለው ክፍል ከ1.265 እስከ 1.280 ማሳየት አለበት፤ በአንድ ባትሪ ውስጥ ባሉ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.050 ሲበልጥ ደግሞ ዝቅ ያለው ክፍል መታመሙን ያመለክታል። በደህናው ባትሪ ላይ የታየው ሌላ ነገር ነው፤ ቻርጁ ሙሉ ሆኖ ሳለ ውሃው ከእርሳሶቹ በታች ወርዷል። ይህ ከመጠን በላይ ቻርጅ ሲደረግ የኖረ ባትሪ ምልክት ነው። አንዱ ሲራብ ሌላው ከልክ በላይ ሲጠግብ ኖሯል ማለት ነው።

ምክንያቱ ጋቢና ውስጥ ተገኘ። ቴፑ፣ የስልክ ቻርጀሩና ሌሊት ፈረስ ለመጫን ካሶኒው ውስጥ የተሰቀለው አምፖል ባለ 12 ቮልት ስለሆኑ፣ ከዓመታት በፊት የሠራው ሰው መስመራቸውን የቀዳው ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ነበር። በአሮጌ የጭነት መኪናዎች ላይ ይህ አሠራር እጅግ የተለመደ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ወዲያውም ይሠራል። ጉዳቱ ግን ዲናሞው ቻርጅ የሚያደርገው ጥንዱን እንደ አንድ ቆጥሮ በመሆኑ፣ የተቀዳበት ባትሪ ያጣውን ያህል ተለይቶ አይመለስለትም፤ ያልተቀዳበት ደግሞ ከሞላ በኋላም ቻርጁ አይቆምለትም። በዚህ ላይ የካሶኒው አምፖል ማብሪያ በርጥበት ተበልቶ ስለነበር አምፖሉ ጠፍቶም መስመሩ ኃይል ያፈስ ነበር። ባለቤቱ ሁሉም ነገር ተጠፍቶ ሳለ አምፒር መለኪያ አስገብተው 0.4 አምፒር እንደሚፈስ አሳዩን፤ ከዚያ ቫልቮላዎቹን (ፊውዞቹን) አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ ወደ ዜሮ የሚወርድበትን ፈለጉ። 0.4 አምፒር ለጆሮ ትንሽ ነው። በ24 ሰዓት ግን ወደ 10 አምፒር ሰዓት ይሆናል፤ መኪናው ጭነት አጥቶ አምስት ቀን ከቆመም የአንድ ባለ 100 አምፒር ባትሪ ግማሽ ያልቃል ማለት ነው።

መስመሩ ተነቅሎ ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ መሣሪያ ተገጠመለት፤ አሁን ሸክሙ በሁለቱም ባትሪዎች ላይ እኩል ይወድቃል። መሣሪያው ውድ አይደለም። እንዲህ ያለ መኪና ያለው አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ወስዶ ይሠራበት ቢባል ይህንን እመርጥለታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት ልምጣ። ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር የባትሪዎቹ ቮልት ወደ 18 ወረደ። ይህም ዝቅተኛ ነው፤ ጤነኛ ጥንድ ሞተር ሲያስነሳ ከ19 በታች መውረድ የለበትም። የሚገርመው ግን በዚያው ቅጽበት ሞተሪኖው ላይ የደረሰው 15 ብቻ መሆኑ ነው። ሦስት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ባለቤቱ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብሎክ ላይ አድርገው እንደገና ሲያስነሱ ከጠፋው ውስጥ 2.2 ቮልቱ በማሳው፣ ማለትም ኃይሉ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በሚመለስበት መስመር በኩል መቅረቱ ታየ። በዚያ በኩል ከግማሽ ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። ሞተሪኖ ሲነሣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ስለሚጠይቅ እዚህ ላይ ትንሽ እንቅፋት ብዙ ትበላለች፤ 300 አምፒር በሚያልፍበት መስመር ላይ አንድ መቶኛ ኦም የምታህል መቋቋም ብቻ 3 ቮልት ትወስዳለች። ይህችን መቋቋም ተራ ቴስተር በኦም መለኪያው ለይቶ አያያትም፤ መስመሩ ሸክም ተሸክሞ ሳለ ካልተለካ በቀር አትገኝም። «ካቦው ደህና ነው፣ ለክተነዋል» የሚል መልስ በሌላ ቦታ የተሰጠንም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የማሳው ካቦ ከባትሪው ተነሥቶ ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው የብረት አካል) ላይ በብሎን ታስሯል። የታሰረበት ቦታ ከካሶኒው ጣውላ መጋጠሚያ በትክክል ሥር ነው። ፈረስ በቀን በርካታ ሊትር ይሸናል፤ ሽንቱ በጣውላዎቹ መካከል ሾልኮ የሚወርደው በሻንሲው፣ በፍሬን ቱቦዎቹና በዚህ ብሎን ላይ ነው። በውስጡ ያለው ጨውና ከእሱ የሚወጣው አሞኒያ ብረቱን ያዝገዋል፣ መዳቡን ደግሞ ይበላዋል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ካሶኒው በውሃ ሲታጠብም እጣቢው የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። ካቦው ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ጥቁር ጎማው ሙሉ ነው፣ ብሎኑም ጥብቅ ነው። ባለቤቱ ግን በሰንጢ ጎማውን ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ቀደው ሲገልጡት መዳቡ ከመጋጠሚያው አጠገብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ረገፈ፤ ወደ ውስጥ ሲገባም ክሮቹ እንደ ጥላሸት ጠቁረዋል። እርጥበቱ በጎማው ውስጥ ለውስጥ እየተሳበ ገብቷል። ብሎኑ ሲፈታ ከሥሩ ያለው የሻንሲ ብረት ቅርፊት እየሆነ ተነሣ።

ይህ የሠሪው ፋብሪካ ጥፋት አይደለም፤ መኪናው ሲሠራ እህልና ዕቃ እንጂ ሽንት የሚያፈስ ጭነት ይዞ ከሃያ ዓመት በላይ ይጓዛል ተብሎ አልታሰበም። ከብትና ፈረስ የሚጭን ማንኛውም አሮጌ መኪና ይህ ችግር አለበት ብዬ እገምታለሁ፤ ሠሪው ማንም ይሁን ማን። የመድን ሰዎችና የዓመታዊ ምርመራ ባለሙያዎች ሻንሲውን ከዝገት አንጻር ቢያዩትም የማሳውን ብሎን ፈትቶ የሚያይ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጥገናው በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። አዲሱ ካቦ 70 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ሲሆን ከባትሪው ኔጋቲቭ ሻንሲውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ብሎክ ሄዷል፤ ሌላ ሁለተኛ ካቦ ደግሞ ከብሎኩ ተነሥቶ ሻንሲው ላይ ታስሯል፣ ግን ከጣውላው ሥር ሳይሆን ከጋቢናው በታች፣ ጠብታ በማይደርስበት የውስጥ ጎን ላይ። የሚታሰርበት ቦታ እስኪያብረቀርቅ ተፍቆ ከታሰረ በኋላ በግራሶ ተሸፈነ። የካቦዎቹ ጫፎች በመዶሻ ተጠፍጥፈው ሳይሆን በመጭመቂያ ተጨምቀው፣ በሙቀት የሚሰበሰብ ፕላስቲክ ለብሰዋል። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ፣ ባትሪዎቹ ገና ሳይለወጡ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ድምፁ መለወጡ ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር ብል አጋነንኩ አልባልም።

የዲናሞው ነገር አጠር ያለ ነው። ሞተሩ ፈጠን ብሎ እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ ቻርጁ 26.4 ቮልት ብቻ ነበር፤ ቢያንስ 27.5 መድረስ ነበረበት። ባለቤቱ ዲናሞውን ከመክፈታቸው በፊት ሹፌራችንን «በቅርቡ ካሶኒው ላይ ብየዳ ተሠርቷል?» ብለው ጠየቁት።

«አዎ ጋሼ፣ የኋላውን በር ማጠፊያ አስበይደናል።»

«ባትሪው ተፈትቶ ነው?»

«በያጁ ችግር የለውም አለን።»

«እሱማ ምን ችግር አለበት፣ ዲናሞው የናንተ ነው» አሉና መፍቻቸውን አነሡ። ዲናሞው ሲከፈት ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፉት ዳዮዶች አንዱ ተቃጥሎ ተገኘ። ብየዳው ብቻ አቃጥሎታል ብለው አልማሉም፤ ዕድሜም ሊሆን ይችላል ብለዋል። ሆኖም የእንስሳት ካሶኒ በፈረስ እርግጫና በበሬ ቀንድ ዘወትር ስለሚሰበር ከሌላ መኪና ይልቅ ብዙ ጊዜ ይበየዳል፤ በተበየደ ቁጥርም የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድሞ መፍታት የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሞተሪኖውም ወርዶ ተከፈተ። ኃይሉን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያደርሱት ካርቦኖች አልቀው ከግማሽ በታች ሆነዋል፤ «ጠቅ» ብሎ ዝም ለማለቱ ምክንያት የሆነው ግን ቁልፉ ሲዞር ኃይሉን ወደ ሞተሪኖው የሚለቀው ሶሌኖይድ ውስጥ ያሉት የመዳብ መጋጠሚያዎች ተቃጥለው ጎድጓዳ መሆናቸው ነው። ባለቤቱ አሮጌውንና አዲሱን መጋጠሚያ መዳፌ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ፤ አሮጌው ፊቱ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ይመስል ነበር። በዚህ ቤት የሚወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን ተደርጎ ለባለመኪናው ይሰጣል። የተለወጠው ነገር በእርግጥ መለወጡን ማወቅ በዚህ ሙያ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለምና ይህን ልማዳቸውን ከልብ አመሰግናለሁ።

በመጨረሻ ስለ ባትሪው የተሰጠን ምክር ሁለቱንም መለወጥ የሚል ሆነ፤ ምክንያቱም አንዱ ክፍል የታመመበት ባትሪ አይድንም፣ ውሃው የወረደበት ደግሞ የባትሪ ውሃ ተጨምሮለት ለጊዜው ቢያገለግልም ከአዲስ ባትሪ ጋር ሲጣመር አዲሱን ይጎዳዋል። ጥንድ ባትሪ በአንድ ዓይነት፣ በአንድ መጠን፣ በተቀራረበ የምርት ጊዜ መገዛት አለበት። ሱቅ ሄደን ስንገዛ ልናደርገው የሚገባንንም ነገሩን፤ የምርት ቀኑን ከላዩ ላይ አንብቡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም በቴስተር ለኩ፣ 12.5 ያልደረሰውን አትውሰዱ። መደርደሪያ ላይ ወራት የቆየ ባትሪ ኃይሉ በራሱ እየባከነ ስለሚወርድ፣ እርሳሱም ላይ ጠጣር ሰልፌት ስለሚጋገርበት «አዲስ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ቴስተር ይዞ ወደ ባትሪ ሱቅ የሚገባ ገዢ የሚገጥመው ፊት ደስ የሚል እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። ቢሆንም ካቀረቡልን መካከል አንዱ 12.3 ብቻ ስላሳየ አስለውጠነዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥንዱ ሲያድር 25.4፣ ሞተር ሲያስነሳ 20 ከምናምን፣ ቻርጅ ሲሆን 28.2 ቮልት ያሳያል። በኔጋቲቩ ላይ የእጅ ማቋረጫም ተገጥሞለታል፤ መኪናው ለቀናት የሚቆም ከሆነ ሹፌሩ አዙሮ ይዘጋዋል። ሞተር እየሠራ ግን ፈጽሞ መዘጋት የለበትም፤ ዲናሞው ባትሪውን ባጣበት ቅጽበት የሚፈጥረው ከፍተኛ ቮልት ዳዮዶቹን ያቃጥላል። በቆጂ ላይ በብርዱ ወራት ያለ ካቦ ልመና፣ ያለ ቁልቁለት ፍለጋ ይነሣል።

የቤቱን ጉድለቶች ሳልጠቅስ ባልፍ ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። የመጀመሪያውና የከበደው ደኅንነትን የሚመለከት ነው። ባትሪ ቻርጅ የሚደረግበት ክፍል ጠባብና መስኮቱ አነስተኛ ነው። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጅን ይተፋል፤ ጋዙ ከተጠራቀመ ደግሞ አንዲት የብልጭታ ፍንጣቂ ትበቃዋለች። ከዚያው ክፍል በር ላይ የብረት መፍጫ ሲሠራ አይቻለሁ። ወጣት ሠራተኞቹ አሲድ ሲለኩ መነጽርም ጓንትም አያደርጉም፤ አንደኛው ልብሱ ከጉልበቱ በላይ በአሲድ ተበስቶ ወንፊት ሆኗል። ይህን ለባለቤቱ ሳነሣባቸው «ለምደውታል» የሚል መልስ ሰጡኝ። በሙያቸው እጅግ ጠንቃቃ ከሆኑ ሰው የማይጠበቅ መልስ ነው፤ ዓይን አሲድን አይለምድምና።

ሁለተኛው ግቢው ጠባብ መሆኑ ነው። ጥላ የለውም፣ የእንስሳት መወጣጫ የሚዘረጋበት ቦታም የለውም። ስለዚህ ፈረስ እንደጫነ መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ወደዚህ ማምጣት አይመከርም፤ የአዳማ ፀሐይ ቆሞ ባለ መኪና ካሶኒ ውስጥ ላለ ፈረስ አደገኛ ነው። ባለቤቱ ራሳቸው ጭነት የያዘ የእንስሳት መኪና አይቀበሉም፤ ሠራተኛ ልከው ባለበት ቦታ በካቦ ያስነሱላችኋል፣ ጥገናው ከተራገፈ በኋላ ይሆናል። በካቦ ሲያስነሱም የመጨረሻውን የኔጋቲቭ መያዣ ባትሪው ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ሞተሩ አካል ላይ ያደርጋሉ፤ ብልጭታው ከባትሪው ጋዝ እንዲርቅ ነው። ከባለ 12 ቮልት የቤት መኪና ለ24 ቮልት መኪና ካቦ መቀጠል እንደማይቻልም ደጋግመው ይናገራሉ፤ መንገድ ላይ ግን በየቀኑ የሚሞከር ነገር ነው።

ከዚህ ሌላ የልኬት ውጤት በጽሑፍ የሚሰጡት ስትጠይቋቸው ብቻ ነው፤ ለእኔ የሰጡኝ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ ቢሆንም እስካሁን የምመለከተው ሰነድ ሆኗል። ለሞተሪኖው የሰጡት ዋስትና የቃል ነው። በኮምፒዩተር የሚታዘዙ አዳዲስ መኪናዎችን አይነኩም፣ ይህንንም በግልጽ ይናገራሉ። «ነገ ይደርሳል» ያሉት ሥራ ከነገ ወዲያ የሚደርስበት ጊዜም አለ።

ክፍያን በተመለከተ፣ መለዋወጫውን ሳይጨምር ለምርመራው፣ ለካቦው ሥራ፣ ለዲናሞውና ለሞተሪኖው የጠየቁት የእጅ ዋጋ ተደምሮ ከአንድ አዲስ ባለ 100 አምፒር ባትሪ ዋጋ በታች ነበር። ለደረሰኝ አላቅማሙም። ምርመራውን ብቻ አስደርጎ ጥገናውን ሌላ ቦታ ለማሠራት ለሚፈልግ ሰው ምርመራውን ለብቻው ያስከፍላሉ፤ አያኮርፉም።

ወደዚያ የሚሄድ ባለመኪና ካሶኒውን አራግፎና አጥቦ፣ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ገደማ አድርሶ እዚያው ቢያሳድረው ይሻለዋል። ትክክለኛው ልኬት የሚገኘው ባትሪው ሌሊቱን ካረፈና ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነውና፤ ጠዋት በትኩስ ሞተር የደረሰ መኪና ያለ ምንም ጥርጥር «ነገ ጠዋት እናየዋለን» ይባላል።